ነገሩን ይቋጫል የተባለ ፍርድ

በ1787 የበጋ ወራት በፊላደልፊያ የተሰበሰቡት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች ስለ ባርነት ቁርጥ ያለ ነገር ሳይወስኑ ተለያዩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሩቅ ደቡብ ተወካዮች ባርነት የሚነካባቸው ከሆነ ከኅብረቱ እንደማይገቡ አስታወቁ፤ ሰሜኖቹም አገሩ ገና ሳይቆም እንዳይፈርስ ሲሉ ተቀበሉ። በሰነዱ አራተኛ አንቀጽ፣ ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ያመለጠ አገልጋይ ለአሳዳሪው ይመለሳል የሚል ድንጋጌ ገባ። ያመለጠውን ማን ይይዘዋል? የትኛው ዳኛ ያየዋል? የተያዘው ሰው “እኔ ነጻ ነኝ” ቢልስ ማን ይሰማዋል? ድንጋጌው ይህን አልመለሰም። ፖለቲከኞቹ የሸሹት ነገርም ዞሮ ዞሮ ዳኞች ደጃፍ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት 70 ዓመታት ፍርድ ቤቶች ስለ ባርነት ደጋግመው ፈረዱ። የእርስ በርስ ጦርነቱን ያመጡት እነርሱ ብቻ አይደሉም፤ የጥጥ ሀብቱ፣ የአዲስ መሬት ሽሚያውና የምርጫ ፉክክሩ ሁሉም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የፍርድ ቤቶቹ ድርሻ ግን ለየት ይላል። ሽማግሌ ሊቆምበት ይችል የነበረውን መሃል ሜዳ በየፍርዱ እያጠበቡ ሁለቱን ወገን ፊት ለፊት አፋጠጡ። የሚገርመው ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ያደረጉት ጠቡን እናበርዳለን ብለው መሆኑ ነው።

መቻቻል የነበረበት ዘመን

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዲህ የከረረ አልነበረም። በማሳቹሴትስ ከ1781 እስከ 1783 በቀረቡ ክሶች ፍርድ ቤቶቹ ባርነት ከክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት ጋር እንደማይሄድ ፈርደው ነበር። በ1820 ኮንግረስ ሚዙሪን ባሪያ የሚያሳድር፣ ሜይንን ነጻ ክፍለ ግዛት አድርጎ ሲቀበል፣ ከሚዙሪ በስተቀር በሉዊዚያና ግዢ ከተገኘው መሬት ከ36 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ በስተ ሰሜን ባለው ባርነት እንዳይገባ ከለከለ። የሚዙሪ ስምምነት የሚባለው ይኸው ነው።

ባርነት የሚፈቀድባት ሚዙሪ ራሷ እንኳ ለጎረቤቶቿ ሕግ አክብሮት ነበራት። ዊኒ የምትባል ሴት ጌቶቿ በነጻው የኢሊኖይ ምድር ካኖሯት በኋላ ወደ ሚዙሪ አምጥተዋት ነበርና በ1824 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነጻ ናት ሲል ፈረደላት። ባሪያውን በነጻ ምድር ያኖረ ጌታ መብቱን አጥቷል፤ አንድ ጊዜ ነጻ የወጣም ተመልሶ ባሪያ አይሆንም የሚለው ደንብ ከዚህ ተነሣ። በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት 300 ያህል ሰዎች በዚህ ዓይነት የነጻነት ክስ አቅርበዋል። አንድ የጦር መኮንን በነጻው ምድር በፎርት ስኔሊንግ ምሽግ ያኖራት ራሔል የምትባል ሴት ጉዳይ ደግሞ በ1836 ታየ። ሰውየው በወታደራዊ ትእዛዝ ነው የሄደው ቢባልም፣ ባሪያ ይዞ እንዲሄድ ያዘዘው የለም ብሎ ፍርድ ቤቱ ነጻ አወጣት።

በዚያው ዓመት በቦስተን ሜድ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነገር ተሰማ። እመቤቷ ከኒው ኦርሊንስ አባቷን ልትጠይቅ ስትመጣ ይዛት ነበር የመጣችው። የማሳቹሴትስ ዋና ዳኛ ሌሙኤል ሾው፣ ልጅቱ አምልጣ ሳይሆን በእመቤቷ ፈቃድ ነጻ ምድር ስለገባች ባሪያ አድርጎ የሚይዛት ሕግ የለም አለ። በሰሜን ደስታ ሆነ። ደቡቦቹ ግን ሌላ ነገር አሰቡ፦ ጌታ አገልጋዩን አስከትሎ በገዛ አገሩ መንገድ መሄድ ካልቻለ፣ ንብረቱ በአገሪቱ እኩሌታ አይታወቅለትም ማለት ነው።

የማርጋሬት ሞርጋን ነገር

ማርጋሬት ሞርጋን በሜሪላንድ ከባሪያ ወላጆች ተወለደች። የወላጆቿ ጌታ እንደ ነጻ ሰው ሲኖሩ ዝም ብሎ ስላያቸው እሷም ማንም ባሪያ ነሽ ሳይላት አደገች፤ ነጻ ጥቁር አግብታ በ1832 ወደ ፔንሲልቬኒያ ተሻገረች፤ እዚያም ወለደች። በ1837 የሟቹ ጌታ ወራሽ ንብረቴ ናት ብላ ኤድዋርድ ፕሪግን ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ላከችባት። የአካባቢው ዳኛ ይዛችኋት ሂዱ የሚል ወረቀት አልሰጥም ሲላቸው፣ ሴትየዋን ከነልጆቿ በጉልበት ወደ ሜሪላንድ ወሰዷት። ፔንሲልቬኒያ በ1826 ባወጣችው ሕግ መሠረት ፕሪግን በሰው ጠለፋ ከሰሰችው፤ ጥፋተኛም ተባለ።

በ1842 ጉዳዩ ከአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ብያኔውን የጻፈው የማሳቹሴትሱ ጆሴፍ ስቶሪ ባርነትን የሚጠላ ሰው ነበር። ሆኖም ያመለጠ ባሪያን የመመለስ ጉዳይ የፌዴራሉ ሥልጣን ስለሆነ የፔንሲልቬኒያ ሕግ ተሽሯል፣ ፕሪግም ነጻ ነው አለ። ጌታው ሁከት እስካላስነሣ ድረስ ባሪያውን በገዛ እጁ መያዝ ይችላል ተባለ። ክሱ በፕሪግ ላይ ነበርና የማርጋሬት ልጆች ዕጣ የችሎቱ ጉዳይ አልሆነም።

ስቶሪ ግን አንዲት ነገር ጨመረ፦ ሥልጣኑ የፌዴራል ከሆነ የክፍለ ግዛት ሹማምንት ሕጉን የማስፈጸም ግዴታ የለባቸውም። ሰሜኖቹ ይህን ለቀም አደረጉ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ጆርጅ ላቲመር የተባለ አምላጭ በቦስተን ሲያዝ ከተማው ታወከ፤ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አቤቱታ ፈረመ። ማሳቹሴትስም በ1843 ዳኞቿ፣ ፖሊሶቿና እስር ቤቶቿ ባሪያ በመያዝ ሥራ እንዳይተባበሩ የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ደቡቦቹ በወረቀት ረትተው አስፈጻሚ አጡ።

አሥር ዶላርና አምስት ዶላር

ስለዚህ አስፈጻሚውን ራሱ ፌዴራሉ ያቅርብ አሉ። በ1850 የወጣው የአምላጭ ባሪያዎች ሕግ የፌዴራል ኮሚሽነሮች እንዲዳኙ አደረገ። የተያዘው ሰው ስለ ራሱ የምስክርነት ቃል መስጠት አይችልም፤ ጉዳዩን የሚያይ ጁሪም የለም። ኮሚሽነሩ ሰውየውን ለጌታው ካስረከበ 10 ዶላር፣ ከለቀቀው 5 ዶላር ይከፈለዋል። የልዩነቱ ምክንያት ለማስረከብ የሚጻፈው ወረቀት ስለሚበዛ ነው ተባለ፤ በሰሜን ግን ይህን ያመነ ጥቂት ነው። አምላጩን የደበቀ ሰው እስከ 1,000 ዶላር መቀጫና እስከ ስድስት ወር እስራት ይጠብቀዋል።

እስከዚያ ድረስ ባርነት ለብዙው የሰሜን ሰው የሩቅ አገር ወሬ ነበር። አሁን በገዛ መንገዱ አየው። በግንቦት 1854 ከቨርጂኒያ ያመለጠው አንተኒ በርንስ በቦስተን ተያዘ። ሊያስፈታው የመጣው ሕዝብ የፍርድ ቤቱን በር ሲሰብር ጄምስ ባቸልደር የተባለ ጠባቂ ሞተ። ኮሚሽነር ኤድዋርድ ሎሪንግ በርንስ ይመለስ ብሎ ፈረደ። ጁን 2 ቀን በርንስ በወታደር ታጅቦ ወደ ወደቡ ሲወሰድ 50 ሺህ ያህል ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ ነበር፤ ሱቆች ጥቁር ጨርቅ ለበሱ፣ በመንገዱም ላይ የነጻነት ስም የተጻፈበት የሬሳ ሣጥን ተሰቀለ። የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብቱ ኤሞስ ላውረንስ፣ ማታ የስምምነት ወዳጅ ሆነን ተኝተን ጠዋት አክራሪ የባርነት ጠላት ሆነን ነቃን ሲል በደብዳቤ የጻፈው ያን ጊዜ ነው።

በዊስኮንሲን ነገሩ ከዚህም ገፋ። በማርች 1854 ከሴንት ሉዊስ ያመለጠው ጆሹዋ ግሎቨር በሚልዋኪ ሲታሰር ሕዝቡ የእስር ቤቱን በር ሰብሮ አወጣው፤ ሰውየውም ወደ ካናዳ ተሻገረ። የጋዜጣ አዘጋጁ ሸርማን ቡዝ ሕዝብ አነሣሥተሃል ተብሎ ተያዘ። የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን የ1850ው ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጣረሳል ብሎ አካሉን ነጻ አወጣ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ቢፈርድበትም እንደገና ለቀቀው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መዝገቡን ላኩ ሲል ደግሞ ለጸሐፊው እንዳትልክ ብሎ አዘዘ። በ1859 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ የዊስኮንሲንን ውሳኔ ሻረ፤ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት በበኩሉ ውሳኔውን አንቀበልም የሚል አቋም አሳለፈ።

ከጦርነቱ በኋላ ደቡቦቹ የተዋጋነው ለክፍለ ግዛቶች መብት ነው ይሉ ነበር። በ1850ዎቹ ግን የክፍለ ግዛትን መብት አንሥታ ፌዴራሉን የተገዳደረችው ዊስኮንሲን ነበረች፤ የፌዴራል ክንድ ይበርታ ይሉ የነበሩት ደቡቦቹ ነበሩ።

የድሬድ ስኮት አሥራ አንድ ዓመት

ድሬድ ስኮት በ1799 ገደማ በቨርጂኒያ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ጌታው ፒተር ብሎው ወደ ሴንት ሉዊስ ይዞት መጣ፤ ኋላም ለጦር ሠራዊቱ ሐኪም ለጆን ኤመርሰን ተሸጠ። ኤመርሰን መጀመሪያ ወደ ኢሊኖይ፣ በ1836 ደግሞ በዛሬዋ ሚኒሶታ ወደሚገኘው ፎርት ስኔሊንግ ወሰደው። አንደኛው ነጻ ክፍለ ግዛት ነው፤ ሁለተኛው የሚዙሪ ስምምነት ባርነትን የከለከለበት ምድር። በምሽጉ ድሬድ ሃሪየት ሮቢንሰንን አገባ። ጋብቻውን በሕግ ያስፈጸመው የሃሪየት ጌታ፣ የመንግሥት ወኪሉ ሎውረንስ ታሊያፌሮ ነው። ባሪያ በሕግ ፊት ጋብቻ መዋዋል አይችልም ነበርና ይህ ራሱ ለነጻነታቸው ምስክር ነው የሚሉ አሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ኤላይዛ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ በእንፋሎት መርከብ፣ ከሚዙሪ ወሰን በስተ ሰሜን ተወለደች።

ኤመርሰን ከሞተ በኋላ፣ አፕሪል 6 ቀን 1846 ባልና ሚስቱ የሟቹ ሚስት በነበረችው በአይሪን ኤመርሰን ላይ በሴንት ሉዊስ ክስ መሠረቱ። ድሬድ መጻፍ አይችልምና በፊርማ ፈንታ የመስቀል ምልክት አደረገ። ከዊኒና ከራሔል ፍርዶች በኋላ የሚረታ ክስ ነበር። በ1847 ግን በማስረጃ ጉድለት ተረታ፦ እንደ ባሪያ የያዘቻቸው አይሪን መሆኗን የሚያስረዳው ምስክር፣ ቤተሰቡን የተከራየችው ሚስቴ ናት እንጂ እኔ ከአይሪን ጋር አልተነጋገርኩም አለ። የአይሪን ባሪያዎች መሆናቸው ስላልተረጋገጠ የአይሪን ባሪያ ሆነው ቀሩ። እንደገና ታይቶ በጥር 1850 ጁሪው ነጻ አወጣቸው።

አይሪን ይግባኝ አለች። በማርች 1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ፍርዱን ገለበጠ። ዳኛው ዊልያም ስኮት በብያኔው የቀድሞው ፍርድ ስሕተት ነበር ብሎ ብዙ አልተከራከረም፤ ዘመኑ ተለውጧል፣ ሌሎቹ ክፍለ ግዛቶች ባርነትን ለማጥፋት ስለተነሡ ሚዙሪ ለእነርሱ ሕግ የምታደርገው አክብሮት አብቅቷል አለ። 28 ዓመት የጸና ደንብ በፖለቲካ ቁጣ ተሻረ።

ጠበቆቹ መንገድ ቀየሩ። አሁን ጌታ ነኝ የሚለው የአይሪን ወንድም ጆን ሳንፎርድ የኒው ዮርክ ነዋሪ ስለነበር፣ የሁለት ክፍለ ግዛት ዜጎች ክርክር ነው ብለው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1854 እዚያም ተረቱ፤ ነገሩ በይግባኝ ዋሽንግተን ደረሰ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ በሴናተር ስቲቨን ዳግላስ ግፊት የሚዙሪን ስምምነት ሽሮ ባርነት ይግባ አይግባ የሚለውን ለካንሳስና ለነብራስካ ሰፋሪዎች ተወ። ካንሳስ ደም ፈሰሰባት፤ ባርነት ወደ አዲሱ ምድር አይስፋ የሚሉት ደግሞ የሪፐብሊካን ፓርቲን አቋቋሙ።

ማርች 6 ቀን 1857

ከዘጠኙ ዳኞች አምስቱ ባርነት ከሚፈቀድባቸው ክፍለ ግዛቶች የመጡ ነበሩ። መጀመሪያ ላይ ችሎቱ ጠባብ መንገድ ሊከተል አስቦ ነበር፦ የስኮትን ሁኔታ የሚወስነው የሚዙሪ ሕግ ነው ብሎ ትልቁን ጥያቄ ሳይነካ መዝጋት። ኋላ ግን ብዙኃኑ ጠቡን አንድ ጊዜ እንቋጨው አሉ። ፕሬዚዳንት ለመሆን የተመረጠው ጄምስ ቡካነን ከዳኛ ጆን ካትረን ጋር ተጻጽፎ፣ የአገሩን ልጅ ዳኛ ሮበርት ግሪርን ከደቡቦቹ ጋር እንዲቆም ገፋው። ማርች 4 ቀን በዓለ ሹመቱ ላይ ቆሞም ጉዳዩ በፍርድ ቤት በቅርቡ እልባት ያገኛል፣ ውሳኔው ምንም ይሁን ምን በደስታ እቀበላለሁ አለ። ውሳኔው ምን እንደሚሆን እርሱ ያውቅ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ይፋ የወጡት ግን ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ዋናው ዳኛ ሮጀር ቶኒ በካፒቶል ምድር ቤት ባለው ችሎት ብያኔውን ሁለት ሰዓት ያህል አነበበ። 80 ዓመት ሊሞላው አሥራ አንድ ቀን የቀረው የሜሪላንድ ሰው ነው፤ የራሱን ባሪያዎች ቀደም ብሎ ነጻ አውጥቷል። ብያኔው ሦስት ነገር ያዘ። አንደኛ፣ ከአፍሪካ ባሪያዎች የተወለዱ ጥቁሮች፣ ነጻም ቢሆኑ፣ በሕገ መንግሥቱ አነጋገር ዜጋ አይደሉም፤ ስለዚህ ስኮት በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። ሕገ መንግሥቱ ሲጻፍ ነጭ ሊያከብረው የሚገባ መብት እንዳላቸው አይቆጠርም ነበር አለ። ሁለተኛ፣ ባሪያ ንብረት ነውና ኮንግረስ ከፌዴራል ግዛቶች ባርነትን የመከልከል ሥልጣን የለውም፤ የሚዙሪ ስምምነት ከመጀመሪያው ዋጋ ቢስ ነበር። ሦስተኛ፣ የኢሊኖይ ቆይታው ነጻ አያወጣውም፤ የሚገዛው የሚዙሪ ሕግ ነው። ውጤቱ ሰባት ለሁለት ሆነ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮንግረስን ሕግ ሲሽር ከ1803 ወዲህ ይህ ሁለተኛው ነበር።

ቤንጃሚን ኩርቲስ በልዩነት ሐሳቡ የቶኒን ታሪክ ከመሠረቱ ነቀነቀው፦ ሕገ መንግሥቱ ከመጽደቁ በፊት በአምስት ክፍለ ግዛቶች፣ በደቡቧ ሰሜን ካሮላይና ጭምር፣ ነጻ ጥቁሮች ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ አጽዳቂውን ሕዝብ ከሕዝቡ ማውጣት እንዴት ይቻላል? በዚያው ዓመት ከዳኝነቱ ለቀቀ።

ስኮት ነጻ የወጣው በዳኛ አይደለም። አይሪን በዚያን ጊዜ አግብታው የነበረው ካልቪን ቻፊ ባርነትን የሚቃወም የኮንግረስ አባል ስለነበር ነገሩ አሳፈረው። ቤተሰቡ ለፒተር ብሎው ልጅ ለቴይለር ተላልፎ ሜይ 26 ቀን አርነት ወጣ። ድሬድ በሴንት ሉዊስ በሆቴል ተሸካሚነት ሠርቶ በሴፕቴምበር 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

የጠበበው መሃል ሜዳ

ፍርዱ የሰሜንና የደቡብን ጽንፈኞች ብቻ አላጋጨም፤ በመካከል የቆሙትን አሳጣ። ሪፐብሊካኖች የቆሙለት ዓላማ ባርነት እንዳይስፋፋ መከልከል ነበር፤ ዳኞቹ ያ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ዳግላስ ሰፋሪው ይወስን ይል ነበር፤ ኮንግረስ መከልከል ካልቻለ ግን ኮንግረስ ሥልጣን የሰጠው የሰፋሪ ምክር ቤት እንዴት ይችላል? ሪፐብሊካኑ አብርሃም ሊንከን በጁን 1858 በስፕሪንግፊልድ፣ አሁን የሚጎድለው ክፍለ ግዛቶችም ባርነትን መከልከል አይችሉም የሚል ሌላ ፍርድ ብቻ ነው ሲል አስጠነቀቀ። ያ ዓይነት ፍርድ የሩቅ ሥጋት አልነበረም። በ1852 ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ በኒው ዮርክ በኩል ሲያልፉ ጆናታንና ጁልየት ሌመን ይዘዋቸው የነበሩ ስምንት ባሪያዎች፣ ሉዊ ናፖሊዮን የተባለ ጥቁር ባቀረበው የአካልን ነጻ ማውጣት አቤቱታ ተለቅቀው ነበር። የሌመኖች ይግባኝ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሊወጣ በመንገድ ላይ ነበር።

በኦገስት 1858 ሊንከን በፍሪፖርት ክርክር ዳግላስን ጠየቀው፦ ከፍርዱ በኋላ ሰፋሪዎች ባርነትን መከልከል ይችላሉን? ዳግላስ አዎን አለ፤ የአካባቢው የፖሊስ ደንብ ካልጠበቀው ባርነት አንዲት ቀን አይቆምም። የኢሊኖይ የሴናት መቀመጫውን አተረፈ፤ ደቡቡን ግን አጣ። ፍርድ ቤት የሰጠንን በፖሊስ ደንብ ሊነጥቀን ነው አሉ። ኮንግረስ በፌዴራል ግዛቶች ባርነትን የሚጠብቅ ሕግ ያውጣ የሚለው ጥያቄ ጎላ። በአፕሪል 1860 በቻርልስተን የተሰበሰበው የዴሞክራቶች ጉባኤ ይህን አልቀበልም ሲል የአላባማ ተወካዮች ጥለው ወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በሁለቱም ወገን ደጋፊ የነበረው ፓርቲ ለሁለት ተሰንጥቆ ለፕሬዚዳንትነት ሁለት ዕጩ አቀረበ። ሊንከን ከ40 በመቶ በታች በሆነ የሕዝብ ድምፅ፣ በ180 የወኪል መራጮች ድምፅ አሸነፈ።

ዲሴምበር 20 ቀን 1860 ደቡብ ካሮላይና ከኅብረቱ ወጣች። ከአራት ቀን በኋላ ያወጣችው የምክንያት መግለጫ የፍርድ መዝገብ ይመስላል። የሰሜን ክፍለ ግዛቶች ያመለጡ ባሪያዎችን አንመልስም ማለታቸውን እየዘረዘረ ይከሳል፤ ኒው ዮርክ ባሪያ ይዞ የማለፍን መብት በፍርድ ቤቶቿ መንሣቷን ያነሣል፤ በአገሪቱ የበላይ ሕግ ዜጋ ሊሆኑ የማይችሉ ሰዎች ዜጋ ተደርገው ድምፅ ሰጡ ይላል። የቶኒ ብያኔ የመገንጠል ማስረጃ ሆኖ ቀረበ።

ማርች 4 ቀን 1861 ሊንከንን ቃለ መሐላ ያስፈጸመው ቶኒ ራሱ ነው። ሊንከን አጠገቡ ቆሞ፣ መላውን ሕዝብ የሚመለከት የመንግሥት ፖሊሲ በተራ ሙግት በተሰጠ ፍርድ ለዘለዓለም የሚታሰር ከሆነ ሕዝቡ የራሱ ገዢ መሆኑ ያበቃል አለ። አፕሪል 12 ቀን በቻርልስተን ወደብ በፎርት ሰምተር ላይ መድፍ ተተኮሰ። በጦርነቱ አራት ዓመታት ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አለቁ፤ በ1860 ቆጠራ አራት ሚሊዮን ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ባሪያዎች ነጻ ወጡ።

ቶኒ በኦክቶበር 1864 ሞቶ በቦታው ሳልሞን ቼዝ ተተካ፤ ቼዝ በ1847 አምላጮችን በመርዳት ለተከሰሰው ለጆን ቫን ዛንት በዚያው ፍርድ ቤት ተሟግቶ የተረታ ጠበቃ ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1865 ጆን ሮክ የተባለ ጥቁር ጠበቃ በቼዝ ፊት ቀርቦ በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲሟገት ፈቃድ ተሰጠው። ከስምንት ዓመት በፊት በዚያው ችሎት ዜጋ አይደለህም የሚባል ሰው ነበር።

ፍርዱን የሻረው ግን ሌላ ፍርድ አይደለም። በ1865 የጸደቀው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን አስቀረ፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ማሻሻያ በአሜሪካ ምድር ተወልዶ በሕጓ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው ሲል የቶኒን የመጀመሪያ ነጥብ በስሙ ሳይጠራ ሠረዘው። ፍርድ ቤቱም በ1898 በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ ይኸው ቃል ከቻይና ስደተኞች የተወለደን ልጅ ያካትታል አለ። በዋሽንግተንና በሚኒሶታ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የሚወለዱ ልጆች በልደታቸው አሜሪካዊ የሚባሉት በዚህ አንቀጽ መሠረት ነው። አንቀጹ የተጻፈው ስለ እነርሱ ታስቦ ሳይሆን፣ ሰባት ዳኞች በአንድ ቀን የሰጡትን ፍርድ ለመቀልበስ ነበር፤ ለዚያም ፊርማና ክርክር ሳይበቃ ጦርነት አስፈለገ።